የሸክላ ሠሪዋ አመድ

ልጆቼ፣ ዱሮ ዱሮ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ መሬቱ ሁሉ ጥቁር ዋልካ ነበር። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ዘንድሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ጎጆ ለከርሞ ይዘማል፤ ግድግዳ ተንዶ ሰው የገደለበት ክረምትም ብዙ ነው።

በዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት የቀረቻት አትጠገብ የምትባል አንዲት ልጇ ብቻ ናት። ደብሪቱ አንድ ቀን ሸክላ ከምትተኩስበት ጓሮ ቆማ ልብ ብላ አየች። ዕድሜ ልኳን አመድና የተሰበረ ገል የደፋችበት ቦታ አያብጥም፣ አይሰነጠቅም።

«ለካ ስጥለው የኖርኩት መድኃኒት ነው!» አለች። ገሉን ወቀጠች፤ ከአመዱና ከዋልካው ጋር ለውሳ፣ ጠቅጥቃ መደብ ሠራች። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ መደቡ ፍንክች አላለም።

ለመንደሩ ነገረች። ሰው ሁሉ ለቤቱ መሠረት እንዲሆነው የምድጃውን አመድ፣ የማሰሮውን ስብርባሪ አጠራቀመ። ጭቃ ሹሙ ደምስ ይህን ሰማና፣ «መጀመሪያ ለቤቴ፣ ቀጥሎ ለእናንተ!» ብሎ ሁሉንም አስጋዘ። እንደገና ተጠራቀመ። «መጀመሪያ ለጎተራዬ፣ ቀጥሎ ለእናንተ!» ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራቀመ። «መጀመሪያ ለበረቴ፣ ቀጥሎ ለእናንተ!»

ደብሪቱ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ ልጄ አራስ ናት። ግድግዳዋ ዘሟል፣ ደመናውም ደርሷል። ጥቂት አመድ ይተዉልኝ!»

«አንድ ክረምት መታገሥ አቃተሽ?» አላት።

ክረምቱ ግን አልታገሠም። አንድ ጠዋት ደብሪቱ ለአራሷ ገንፎ ይዛ ወደ ልጇ ጎጆ ስትመጣ ግድግዳው ተንዷል። ጭቃውን በጥፍሯ ቧጠጠች። ልጇን ከነሕፃኗ አወጣቻቸው፤ ሁለቱም ቀዝቅዘው ነበር። ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት ሲመለስ፣ የራሱም ቤት ፈርሶ ጠበቀው።

መስከረም ሲጠባ መንደርተኛው የተረፈችውን ጓዝ ተሸክሞ ተሰደደ። ደምስ ከደጁ ቆሞ፣ «ኧረ ተመለሱ! ማን ያርስልኛል? ብታመም ማን ውሃ ያቀብለኛል?» እያለ ጮኸ። ደብሪቱ በመጨረሻ ስታልፍ፣ «አንቺስ ነይ፣ ከኔ ጋር ኑሪ፤ ቤቴ እንደሆነ አልተነቃነቀም» ብሎ ለመናት። ዞራም አላየችው።

ደምስ በባዶ መንደር ብቻውን አረጀ፤ ሲሞት ዓይኑን የከደነለት የለም። ደብሪቱም በደረሰችበት አገር እጇ ሸክላ አልነካም።

ልጆቼ፣ ለዚህ ነው፣

ጎረቤቱን ያስፈረሰ፣
በጽኑ ቤቱ አለቀሰ፣

የተባለው።