አበባ ያልታየባት በለስ

ተረት ተረት ስል ምን ትላላችሁ?

«የመሰረት!»

በሉ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ አንድ ጭራቅ ያገሩን ጓሮ ሁሉ በላ። ሰው ተራበ። ረሃቡ ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም።

ጭራቁ ትዕቢተኛ ነበር። «አበባውን የማውቀው ሁሉ የኔ ነው። የማላውቀውን ብቀምስ ምድር ትዋጠኝ» ብሎ ምሏል። ምድርም ሰምታለች። እሱ ግን የማያውቀው አበባ ያለ አልመሰለውም። ባቄላው አበበ፤ ወሰደ። ዱባው አበበ፤ ወሰደ። ኮኩ አበበ፤ ከነቅርንጫፉ ወሰደ።

ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ያለቻት ታናሽ እህቷ ትርንጎ ብቻ ናት። ትርንጎ በረሃብ ደክማ ከመደብ መነሳት አቅቷታል።

አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ውኃ ውስጥ የወደቀች ተርብ አየች። በቅጠል አወጣቻት። ተርቧ ክንፏን አራግፋ ተናገረች።

«ከወንዙ ዳር ካለችው በለስ አንድ ቅርንጫፍ ቁረጪ። ከጓሮሽ ግድግዳ ሥር ትከዪው።»

«በለስ ደግሞ ያብባል እንዴ?»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ውኃ አጠጪ። ፍሬው አንገቱን ሳይደፋ እንዳትለቅሚ።»

ማንጠግቦሽ ተከለች። ተርቧ ሦስት ጊዜ ዞረችው። ሲነጋ ቅርንጫፉ ዛፍ ሆኗል።

ጭራቁ መጣ። አሸተተ። ቅጠሉን እየገለጠ ፈለገ።

«ይቺ ምን ትረባሻለች?»

«ጥላ ትሆነኛለች፣ ጌታዬ።»

ስቆባት ሄደ።

ደግሞ መጣ። ቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ እብጠት ወጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አበባ ይመስላል?»

«ኪንታሮት ነው የሚመስለው» አለና ሄደ።

ትርንጎ በደረቷ እየተሳበች ወጣች። «እታለም፣ አንዱን ልብላ» አለች። ማንጠግቦሽ አንዱን ቀጠፈች። ነጭ ወተት ፈሰሰ፤ ጣቷን አቃጠላት። «አልደረሰም። ትንሽ ታገሺኝ» አለች። ትርንጎ እዚያው ተኝታ ዓይኗን ጨፈነች። ማንጠግቦሽ ፈራች።

በማግስቱ ፍሬዎቹ ጠቁረው፣ ለስልሰው፣ አንገታቸውን ደፉ። ማንጠግቦሽ ቅርጫት ይዛ ስትወጣ ጭራቁ ቆሟል።

«ፍሬ ነው። የኔ ነው» አለ።

«አበባዋን ታውቀዋለህ?»

«ተደብቃ አብባ ይሆናላ።»

«እንግዲያው አሳየኝና ከነዛፉ ውሰድ።»

ቅጠሉን አየ። ግንዱን ላጠ። ሥሩን ማሰ። በመጨረሻ አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ክር ሞልቷል።

«ይሄማ ጉድፍ ነው» ብሎ ወደ አፉ አስጠጋው።

ምድር ከተረከዙ ሥር ተሰነጠቀች። ፍሬውን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

አበባው ያ ክር ነበር። በለስ የምታብበው በሆዷ ውስጥ ነው። ጭራቁ በእጁ ይዞት አላወቀውም። ተርቧ ብቻ ታውቅ ነበር፤ በፍሬው ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ትገባለችና።

ጭራቁ «ሌላስ የማላውቀው ስንት ይኖር ይሆን?» አለ። ከዚያ በኋላ ባቄላ እንኳ መንካት ፈራ። አገሩንም ለቆ ሄደ።

ትርንጎ አንድ በለስ በላች፤ ዓይኗን ገለጠች። ሁለተኛ በላች፤ ቁጭ አለች። ሦስተኛውን እያኘከች «ለራስሽም ብዪ እንጂ» አለቻት። ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ ተነፈሰች። ጎረቤቱም ሁሉ ቅርንጫፍ እየቆረጠ በየጓሮው ተከለ።

ልጆች፣ የማታውቁትን አውቃለሁ አትበሉ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በበለስ አብሱልኝ።

ጭራቁ የት እንደገባ አይታወቅም። በጓሮው የቀሩት ማንጠግቦሽና ትርንጎ ናቸው።