የራሰው ግድግዳና ድንኳኑ

አንድ ሰው ነበረ፤ ግድግዳው የራሰበት። «እኔና ልጅቷ ከተስማማን የአባቷን ፈቃድ መጠየቅ ለምን ያስፈልገኛል? እሳቸው እንደሆኑ አይወዱኝም» ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ ልጄ፣ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ።

ሰውየው ከአሮጊት እናቱ ጋር በጭቃ ቤት ይኖር ነበር። በእናቱ አልጋ በኩል ያለው ግድግዳ ከሥር ረጥቦ፣ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ምርጊቱ አበጠ፣ ተላቀቀ፣ ይወድቅ ጀመር። እናቱም ሳል ያዛቸው። ግድግዳው ሳይደረመስባቸው መጠገን ነበረበት።

ወረዳ ሄዶ የእድሳት ፈቃድ ጠየቀ። «ግድግዳው የጋራ ነው። ጎረቤትህ መጥቶ መስማማቱን ይናገርና ፈቃዱን እንሰጥሃለን» አሉት። ነገሩ ቀላል ነበር። ሰውየውና ጎረቤቱ ግን በአንድ ውሻ ጩኸት ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። የዚያን ሰው በር ከማንኳኳት ይልቅ ከአገር ሁሉ ተደብቆ መሥራት ቀለለው።

ስለዚህ ወረዳው በማይሠራበት እሑድ፣ ገና በማለዳው፣ ከሌላ ሰፈር ድንኳን ተከራይቶ ደጁ ላይ ተከለ። ጭቃው የሚቦካው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ማንም አያይም። ሁሉን አስቦ ነበር። የታመሙ አሮጊት ያሉበት ቤት ደጅ ላይ ድንኳን ሲተከል ሰው ምን እንደሚል ብቻ አላሰበም።

ጭዱን ገና ጭቃው ላይ ሳይበትን አንድ ሰው እያለቀሰ ገባ። ያ ጎረቤት ነበር፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ለቅሶ ኩርፊያ አያውቅም።

«ወይኔ እማማ፣ ሳልሰናበታቸው።»

«ኧረ ደህና ናት» አለ ሰውየው፣ እጁ በጭቃ እንደተለወሰ።

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም። ግድግዳ ልጠግን ነው።»

«ለግድግዳ ነው ያስለቀስከኝ?»

ጎረቤቱ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ግድግዳው ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ሰማ። ቤት ውስጥ ገባና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ሰውየውም ተከተለው።

«ይሄ እኮ የእኔ ውሃ ነው! ቧንቧዬ በዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። እኔ ቤት ጠብ ጠብ ብቻ ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜው፤ ውሃው የት እንደሚገባ ጠፍቶኝ ነበር። በል አንተ ጆሮህን እዚህ አድርግ» ብሎ ወደ ራሱ ቤት ሮጠ፤ የቧንቧውን መዝጊያ ዘጋ።

ፉጨቱ ተቋረጠ። ሰውየው ከደስታው ብዛት «ቆመ! ቆመ!» እያለ ጮኸ።

ለካ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ደርሰው ኖሯል። ጩኸቱን ሲሰሙ «ትንፋሻቸው ቆመ» ብለው ለቅሶውን አቀለጡት። በዚህ መሐል አሮጊቷ ከአልጋቸው ተነሥተው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አዎ፣ ቆሜያለሁ» አሉ። «እናንተ ግን ተቀመጡ።»

ያ ድንኳን ያን ያህል ሳቅ አይቶ አያውቅም ይባላል።

በማግስቱ ሁለቱ ጎረቤቶች አብረው ወረዳ ሄዱ፤ ፈቃዱም ተሰጣቸው። ቧንቧው ተቀየረ፤ ግድግዳው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሰውየው በዚያ እሑድ እንዳሰበው ከላይ መርጎት ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው ከውስጥ እየበላው አንድ ቀን እናቱ ላይ ይወድቅ ነበር።

አየህ ልጄ፣ ያ ሰው ፈቃድ ማለት ማኅተም ብቻ መስሎት ነበር። እሱን የሚጠቅመው ግን ያኮረፈው ሰው ቤቱ መግባቱ ነበር፤ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሊያውቅ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረማ። አንተና የልጅቷ አባትም አንድ ግድግዳ ልትጋሩ ነው። በምን እንደሚጠሉህ ከእርሳቸው በቀር ማን ይነግርሃል? ምናልባት መፍትሔው አንድ መዝጊያ መዝጋት ብቻ ይሆናል። ሽማግሌ ላክ፤ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቢሆን ለመነሣት ዝግጁ ነኝ። ድንኳን እንደሆነ ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው። ፈቃድ ሳትጠይቅ ከተከልከው ግን፣ የሙሽራዋ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡብሃል።