እጅ የሚያሸተው ዳይሬክተር

አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በደቡብ ኮሪያ፣ በባሕር ጠረፍ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ሚስተር ባንግ ነው። ትምህርት ቤቱ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አራት ክፍሎች ናቸው፤ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ሲለቀቁ እዚያ እየሄዱ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ሚስተር ባንግ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ትረግሙት ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

ታሪኩን ያጫወተኝ እዚያው ከተማ መርከብ በሚሠራበት ፋብሪካ ብየዳ የሚሠራ መኩሪያ የሚባል ጓደኛዬ ነው። ለዕረፍት መጥቶ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲያወራልኝ ዋለ። እኔ ደግሞ የሰው ነገር መስማት እወዳለሁ፤ አልደብቅም።

እና ሚስተር ባንግ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቶችን ስልክ። አንዲት እናት ዛሬ ደውላ ካጉረመረመች ነገ ወሬው አምስት እናቶች ጋ ይደርሳል። በሳምንቱ ልጆቹ ተጠራርተው መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ወዳለው ትምህርት ቤት ይገባሉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊዘጋ ደርሶ ነበርና ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል።

ከደቡብ አፍሪካ ሉቩዮ የሚባል መምህር ያስመጣውም ልጆቹን እንዲያቆይለት ብሎ ነው። ሉቩዮ ደግሞ ልጅ መያዝ ያውቅበታል። አንዲት ቃል ለመተንፈስ ሞት ሞት ይላቸው የነበሩ ልጆች በሁለት ወር ውስጥ መንገድ ላይ እያስቆሙት በእንግሊዝኛ ይቀልዱበት ጀመር። መኩሪያ ከእሱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ስለሆነ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል።

ሉቩዮ አንድ ልማድ ነበረው። ምሳውን በልቶ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባሕሩን እያየ አንዲት ሲጋራ ያጨሳል። አንዲት ብቻ። ሁለተኛ አይደግምም። አንድ ቀን ታዲያ ሃዩን የምትባለው የስምንት ዓመት ተማሪው እናት ዓሣ ልትገዛ ሄዳ አየችው። ማታ ሳይሆን፣ ነገ ሳይሆን፣ እዚያው ቆማ ደወለች። "ልጄ አይታው ብትለምድስ?" አለች።

ሚስተር ባንግ መምህሩን ቢሮ አስጠራው።

"መምህር፣ ሥራዎን ወድጄዋለሁ። ሲጋራዎን ግን አልወደድኩትም" አለው።

"ጌታዬ፣ ሲጋራው እኮ ትምህርት ቤት አይመጣም።"

"ሽታው ይመጣል" አለ ሚስተር ባንግ። ከዚያ የሥራ ውሉን ከመሳቢያ አወጣና ከታች በእጁ አንድ መስመር ጨመረበት፤ "መምህሩ በዚህ ከተማ ክልል ውስጥ አያጨስም" የሚል።

ሉቩዮ ስቆ ቢያልፈው ደስ ባለው ነበር። ግን የመኖሪያ ፈቃዱ የተንጠለጠለው በዚያ ውል ላይ ነው፤ የሚኖርበት ቤትም የትምህርት ቤቱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሚስቱን ኖምቩላንና የአራት ዓመት ልጁን ካያቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ውሉ ለሌላ ዓመት ከታደሰ በጸደይ ይመጡለታል፣ ወረቀታቸው ተጀምሯል። ካልታደሰ እነሱ መምጣታቸው ይቅርና እሱም ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። ስለዚህ ፈረመ።

ፈረመ፣ ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማግስቱ ምሳውን በልቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ድልድዩን ተሻግሮ ጎረቤት ከተማ ወረደና ፌርማታው አጠገብ ቆሞ አንዲቷን ሲጋራ አጨሰ። ከዚያ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሰ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ። መኩሪያ "ለአንዲት ሲጋራ ብሎ ከተማ የሚቀይር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም" አለኝ።

እዚያ አገር ልጅም ሆነ አዋቂ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጥና የቤት ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ሉቩዮ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ሚስተር ባንግ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ይቅርታ መምህር፣ እጅዎን ቢሰጡኝ።"

ከዚያ እንደ አገሩ ወግ በሁለት እጁ ይቀበለውና ዝቅ ብሎ ጣቶቹን ያሸታል። ከሩቅ ላየው ሰው የትልቅ ሰው እጅ የሚስም ነው የሚመስለው። ትሕትናው እኮ ነው የሚገርመኝ። ሰው በዚህ ሁሉ አክብሮት ሲዋረድ ሰምቼ አላውቅም።

"ይሸታል" አለ ሚስተር ባንግ በመጀመሪያው ቀን።

"ከድልድዩ ማዶ ነው ያጨስኩት። ውሉን አላፈረስኩም።"

ሚስተር ባንግ አሰበ፣ አሰበ። በሳምንቱ ውሉን እንደገና አወጣና "በዚህ ከተማ ክልል ውስጥ" የሚለውን ሰረዘው። የቀረው "መምህሩ አያጨስም" የሚለው ብቻ ነው።

"ቤቴ ውስጥስ?" አለ ሉቩዮ።

"ቤቱም የትምህርት ቤቱ ነው።"

"በዕረፍት ቀኔስ?"

"በዕረፍት ቀንም መምህር ነዎት።"

"በሕልሜስ?"

ሚስተር ባንግ አልሳቀም። "በሕልምዎም ቢተዉት ደስ ይለኛል" አለው።

ሉቩዮ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ኖምቩላን አሰበ፤ ልጁን አሰበ። ፈረመና ሲወጣ የሲጋራውን ፓኮ ከነላይተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። አቆመ። የምሩን አቆመ። መኩሪያ ምስክር ነው፤ ያን ሰሞን ሰውየው እረፍት አጥቶ መስኮቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይወለውል ነበር ይላል። አፉን ለማታለል ደረቅ ዓሣ ሲያኝክ ይውል ስለነበር ቤቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ እዚህ ጋ ያለው ነገር ነው። ሉቩዮ ሲጋራውን ቢያቆምም ሚስተር ባንግ ማሽተቱን አላቆመም። በመጀመሪያው ሳምንት "ይሸታል" አለ። በወሩ "ቀንሷል፣ ግን አለ" አለ። በሦስተኛው ወር "አሁንም አለ" አለ። ሉቩዮ ሳሙና ቀየረ፤ ካፖርቱን ላውንደሪ ሰጠ፤ በሎሚ ሳይቀር ታጠበ። ሽታው ግን ከሚስተር ባንግ አፍንጫ አልወጣ አለ። ሰውየው ደግሞ አይዋሽም። የሸተተውን ነው የሚናገረው። ሉቩዮና መኩሪያ ቁጭ ብለው ሲከራከሩ ያመሹ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ወንበር ነው? ከመጽሐፎቹ ነው? ወይስ ሰው አንዴ ካጨሰ ቆዳው ውስጥ ይቀራል?

የውሉ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስተር ባንግ በሩ ላይ እጁን ካሸተተ በኋላ ቀና አለ።

"መምህር፣ አርብ ወላጆች መጥተው ትምህርቱን የሚያዩበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሉ እወስናለሁ። ግን እንዳይሸወዱ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ይህ ሽታ እያለ ላድስልዎ የምችል አይመስለኝም።"

"ካቆምኩ እኮ አራት ወር ሆነኝ።"

"አፍንጫዬ እንደዚያ አይልም።"

ሉቩዮ ያን ዕለት በጣም ከፋው። ለሚስቱ የሚደውልበት ቀን ነበር፤ አልደወለም። ምን ብሎ ይንገራት? "ሲጋራ ባጨስ ኖሮ ቢያንስ ያጨስኩትን አጨስኩ እል ነበር" አለ ለመኩሪያ። 

አርብ ደረሰ። ወላጆች በልጆች ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ሚስተር ባንግ ሱፉን ለብሶ ከኋላ ቆመ፤ ቢሮ ቁጭ ብላ ስልክ የምታነሳው ሚስቱ ሱንኦክ ደግሞ አጠገቡ። ሉቩዮ ልጆቹን በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ስለ ዕለት ተዕለት ውሎአቸው አጭር ድራማ በእንግሊዝኛ እንዲሠሩ ነግሯቸው ነበር፤ አስቀድሞ አላየውም፣ ራሳቸው ይፍጠሩት ብሎ ነው። አንዱ ቡድን ገበያ ሄደ፤ ሌላው ዶክተር ጋ ሄደ። ወላጆች አጨበጨቡ፣ ቪዲዮ ቀረጹ።

ሦስተኛው ቡድን የእነ ሃዩን ነው። ሃዩን የአባቷን ኮት ለብሳ፣ እጅጌው መሬት እየነካ፣ መሃል መጥታ ቆመች። አንድ ልጅ እንደ መምህር ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

"ይቅርታ መምህር፣ እጅዎን ቢሰጡኝ" አለች ሃዩን በእንግሊዝኛ።

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ዝቅ ብላ አሸተተች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ሳበች፤ ትከሻዋ ረገብ አለ፤ ፊቷ ላይ ሙሉ እፎይታ መጣ። እንደዚያ ሆና ቆየች። በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠችና ፊቷን ኮስተር አድርጋ "ይሸታል" አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው እጃቸውን እየዘረጉ ተሰለፉ። ለካ በየኮሪደሩ ሲጫወቱት የከረሙት ጨዋታ ነው።

የሃዩን እናት ግራ ገባት። "ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?"

"ጨዋታ አይደለም እማዬ" አለች ሃዩን። "በር ላይ እንደዚህ ነው የሚደረገው። ሁልጊዜ።"

"መምህሩ ሲያጨስ አይታችሁ ነው?"

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። "መምህራችን ያጨሳል እንዴ?" አለች ሃዩን።

ወላጆቹ ዞረው ሚስተር ባንግን አዩት። ከኋላ ግን ሱንኦክ ባሏን በክርኗ ነካ አደረገችው። "ያቺን ፊት አውቃታለሁ" አለችው ቀስ ብላ። "ሲጋራ ካቆምክ ሰባት ዓመትህ። ከምሳ በኋላ ስትለኩስ እንደዚያ ነበር ዓይንህን የምትጨፍነው።"

ሚስተር ባንግ ያጨስ እንደነበር ሉቩዮም መኩሪያም አያውቁም ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ሰው ሱንኦክ ብቻ ናት። እኔም ሳልነግራችሁ የቆየሁት መኩሪያ ለእኔ እስከዚህ ድረስ ስላልነገረኝ ነው።

ወላጆች ሲሄዱ ሚስተር ባንግ ሉቩዮን ጫማ መደርደሪያው ጋ አገኘው። እጁን ግን አልጠየቀውም።

"መምህር፣ መቼ ነው ያቆሙት?"

"የፈረምኩ ዕለት።"

"ታዲያ እኔ አራት ወር ሙሉ ያሸተትኩት ምንድን ነው?"

"እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አለ ሉቩዮ።

 "ናፍቆኝ ነው" አለ ሚስተር ባንግ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ቢሮ ገባ፣ በእጁ የጻፈውን መስመር ሰረዘ፣ ውሉን ለሌላ ዓመት አደሰ። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ፤ የሃዩን እናት ናት። ልጇ ሲጋራ አልለመደችም፤ ግን አባቷ ከሥራ በገባ ቁጥር በር ላይ ቆማ እጁን እያሸተተች ቤቱን ሰላም ነስታዋለችና እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ አለች። ኖምቩላና ልጇም በጸደይ መጡ። ሉቩዮ አየር ማረፊያ ሊቀበላቸው ሲሄድ መኩሪያም አብሮት ነበር፤ ልጅቷ አባቷን አላወቀችውም፣ ከእናቷ ኋላ ተደብቃ ቆየች፣ በኋላ ግን ከትከሻው አልወርድም አለች።

መኩሪያ እዚህ ላይ ጨረሰ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

"ቆይ፣ መስመሩ ከተሰረዘ በኋላ ሉቩዮ ተመልሶ ማጨስ ጀመረ ወይስ እንዳቆመ ቀረ?" አልኩት።

 "አንተ እዚህ፣ እሱ ኮሪያ" አለ መኩሪያ። "ከዚህ ሆነህ እጁን ልታሸት ነው?"

አፈርኩ። እውነቱን ነው፤ ሰውየው ቢያጨስ ባያጨስ ለእኔ ምኔም አይደለም። ከዚህ ታሪክ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። የሌላውን ልማድ ለመጠበቅ በር ላይ የምንቆም ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናሸተው የራሳችንን ናፍቆት ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ያላዩትን ኃጢአት ትተው በየቀኑ ያዩትን የእኛን ቁጥጥር ይወርሳሉ። እናንተስ? እዚህ ስትደርሱ ስለ ሉቩዮ ልትጠይቁኝ የፈለጋችሁት ያንኑ ጥያቄ አልነበረም?