አያ ጅቦ የናቀው የገብስ ዱቄት

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ በበላ ቁጥር ይከሳ ጀመር። መድኃኒት አዋቂዋ እመት ጦጢት ሆዱን ዳብሳ፣ የኮሶ ትል እንደያዘውና እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱን እንደማይሻገር ነገረችው። እሱን ግን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው፣ የለፋበትን ሥጋ ሌላ እየበላበት መሆኑ ነበር። ጦጢትም የኮሶ አበባ ወቅጣ፣ ጎረቤቷ እመት አህዪት በሰጠቻት የገብስ ዱቄትና በማር ለውሳ፣ ክኒን አድበልብላ ሰጠችው።

መንገድ ላይ ቀበሮ አገኘችው። ክኒኖቹን አሽትታ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

«አያ ጅቦ፣ ተሞኝተዋል። መድኃኒቷ ቁንጥር የምታህል ናት፤ የቀረው ማርና የአህያ ዱቄት ነው።»

አያ ጅቦ ከአህያ የሚፈልገው ነገር ዱቄት ሆኖ አያውቅም። ክኒኖቹን እዚያው ጥሎ ተመለሰና ንጹሑ ኮሶ ካልተሰጠኝ አለ። ጦጢት እምቢ ብትለው የኮሶውን ቅል ነጥቆ በእፍኙ ቃመው። ምሬቱ ገና ከጉሮሮው ሳይወርድ አስመለሰው፤ ኮሶው ወጣ፣ ራቱ ተከተለ፣ ትሉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እንደ ምንም ቀና ሲል፣ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ስትሮጥ አየ። ለማሩ ብላ ክኒኖቹን ውጣቸው ኖሯል።

«ለእሷ እንዴት ሠራላት?» አለ እየቃተተ።

«ቁንጥሯ ብቻዋን መንገድ አታውቅም» አለች ጦጢት። «ዱቄቱ ተሸክሟት፣ ማሩ አቅፎ ይዟት፣ ሁለቱ ምላስህን አታለው ትሉ ዘንድ ያደርሷታል። ትል መግደል አይችሉም፤ እነሱ ከሌሉ ግን እሷም አትችልም።»

ከትውከቱ ካገገመ በኋላ ሌላ ክኒን ሠራችለት፤ ዋጠ፣ ትሉም ወጣ። አያ ጅቦ ጦጢትን እጅ ነስቶ ካመሰገነ በኋላ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር አጭዶ፣ ተሸክሞ እመት አህዪት ደጅ ቆመ።

«እመት አህዪት፣ ዱቄትሽ አድኖኛል። ላመሰግንሽ መጣሁ።»

አህዪት ከእሾህ አጥሩ ጀርባ ሆና መለሰች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ። ዛሬ ኮሶ ወስጃለሁ፤ ኮሶ የወሰደ ደግሞ እንግዳ እንደማይቀበል ያውቃሉ።»

አያ ጅቦ ነገሩ ተገቢ መሰለው። ሣሩን አስቀምጦ፣ ምሕረቱን ያውርድልሽ ብሎ ሄደ። ኮቴው ሲርቅ አህዪት በሩን ከፈተች። ሣሩ ለምለም ነበር፤ እሾሁ እንኳ ተለቅሞለታል። እያላመጠች፣ የሄደበትን አቅጣጫ አይታ መረቀችው፤ በሩን ግን መልሳ ዘጋች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያዳነንን ስናመሰግን ተሸክሞ ያደረሰልንንም መርሳት እንደሌለብን ነው።