ከጀልባዋ ወለል ሥር

አንድ ሰው ነበረ። ጡረታ የወጣ፣ እጁ ሥራ የለመደ፣ ሙገሳ ሲሰማ ግን ጆሮው የሚቆም ሰው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «የበደልኳት ሴት ራሷ በሰው ፊት ሸፍናልኛለች፣ ማንም የጠየቀኝ የለም፣ ታዲያ ነገሩ አላለቀም ወይ?» ብለኸኛል። አለቀ አላለቀም ከማለቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማኝ። ሰዓትህን አትመልከት፤ ብዙ አላቆይህም።

ይህ ሰው ከጓደኞቹ ጋር እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጦርነት ይጫወት ነበር። አትሳቅ፤ ሁሉም ሽበታሞች ናቸው። በአንዳቸው ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ ይደፋሉ፣ ከአሸዋው አጠገብ ውሃ የሞላ ሰፊ ሳፋ ያስቀምጣሉ፤ ሳፋው ባሕር፣ አሸዋው ዳርቻ ነው። ጥፍር የሚያካክሉ ወታደሮች አሏቸው። ዕጣ እየጣሉ ይዋጋሉ፤ የተሸነፈው እንደ ልጅ ያኮርፋል።

ሕግም ነበራቸው። ጠረጴዛው ላይ የሚወጣ ታንክም ሆነ መርከብ ከሱቅ አይገዛም፤ ከወዳደቀ ነገር በእጅ ይሠራል። ደግሞም አዲስ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ቆሞ ሥራውን ይናገራል፤ ይህ የክብሪት ቀፎ ነበር፣ ይህ የነጠላ ጫማ ሶል ነበር፣ ይህን እንዲህ አድርጌ አጣበቅኩት ይላል። የቀሩት ይጠይቁታል። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው የሚከበረው በማሸነፉ ሳይሆን በዚህ ንግግሩ ነበር።

ሰውየው አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ከሁሉም የተሻለ ሠሪ። የወዳጁ እጅ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ሰውየው ቤት መጣ። ጋዜጣው ሲፈታ ወታደር የምታወርድ ጀልባ ሆና ተገኘች፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ዳርቻ ስትደርስ ፊቷ እንደ በር ወደፊት ወድቆ ወታደሩ በላዩ ሮጦ የሚወጣባት ዓይነት። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ ነው የሠራት። የቀራት በሩ ብቻ ነበር።

«በሯን አልቻልኩባትም» አለው ወዳጁ። «እጄ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ ሌላ የምሠራም አይመስለኝም። እባክህ አንተ ጨርስልኝ።»

ሰውየው ጨረሳት፤ በደንብም አድርጎ ነው የጨረሳት። በሩን ከጫማ ቀለም ክዳን ቆረጠ፣ ማጠፊያውን ከመርፌ ቁልፍ አወጣ፣ የተበጠሰ የአንገት ሐብል እንደ ሰንሰለት አሰረበት። ሐብሉ ሲላላ በሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲሳብ ይዘጋል። ስንት ጊዜ አበላሽቶ፣ ስንት ጊዜ አፍርሶ ያገኘው ነገር ነው። ከዚያ ግራጫ ቀለም ቀባት።

እሑድ ሳፋው ላይ ሲያስቀምጣት ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ። «ማን ነው የሠራት?» አለ አንዱ። ወዳጁ እዚያው፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ሰውየው ብዙ አልተናገረም። «እኔ» አለ።

እንደ ልማዳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ሆዷ ምንድን ነው? የዘይት ቆርቆሮ። ጥሩ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሲያያት ቆየና «ይህ ሁሉ በር ፊቷን ውሃ ውስጥ መድፈቅ ነበረበት፤ እንዴት ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች? ምን አደረግክባት?» አለው። ሰውየው ጀልባዋን ከሳፋው አንሥቶ አገላበጣት። «ያው... አመጣጥኜ ነው» አለ። ያን ጊዜ ወዳጁ ቀና ሳይል «ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ የሚያስሩትን እርሳስ ከኋላ፣ ከወለሏ ሥር አስገብቶባታል። ሲያስገባ አይቼዋለሁ» አለ።

ሁሉም ገባቸው። ሠሪው የማያውቀውን ተመልካቹ ሲያውቅ የማይገባው ማን ነው? ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ጀልባዋ የጠየቀም የለም፤ ዝም ብለው መጫወት ጀመሩ። ሰውየው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወታደሮቹን ሲያወርድ ዋለ። ያን ቀን አሸነፈ። ሲያሸንፍ ያኮረፈበት ሰው አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ባሰበት።

በሚቀጥለው እሑድ ወዳጁ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ቀረ። ሰውየው ልክ እንደ አንተ «ራሱ ሸፈነልኝ፤ አሁን ነገሩን ብቆሰቁሰው ምን ይጠቅማል?» እያለ ራሱን አጽናና። ነገር ግን ሳፋውን ባየ ቁጥር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። በመጨረሻ ወደ ወዳጁ ቤት ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ወዳጁ አነሣው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለው፤ ያለውም ከልቡ ነው።

«እንግዲያው እሑድ ና።»

«አልመጣም» አለ ወዳጁ። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እነሱም እንደዋሸሁ አውቀዋል። አሁን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ሰውየው ይቅርታውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ይቅርታው ግን እንቅልፍ አልሰጠውም። ዕፍረቱ የእሱ ነበር፤ ተሸክሞት ቤት የቀረው ግን ወዳጁ ነው።

እሑድ ሲሰበሰቡ ጀልባዋን ይዞ ቆመ። ቢላ አውጥቶ ወለሏን እፊታቸው ፈለቀቀው። እርሳሱ እዚያው ነበር፤ በሽቦ ታስሮ፣ በሥርዓት ተቀምጦ። ወዳጁ ሌላ ሰው ለሚሠራው በር ክብደት አስቀድሞ አስቦለት ኖሯል። «እኔም ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ሰውየው። «የሠራት እሱ ነው። የሰው ሥራ የእኔ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የዋሸው እኔን ሊያድን ነው። አፍሬያለሁ።» አይዞህ ያለው የለም። በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው ብቻ ተነሥቶ የሳፋውን ውሃ ደፋና «በሉ ያዙ» አለ። አሸዋውን በጆንያ፣ ሳፋውን በራስ ላይ ተሸክመው፣ የሰፈሩ ሰው እየሳቀባቸው ወደ ወዳጁ ቤት ሄዱ።

በረንዳው ላይ ሳፋውን እንደገና ሞሉ። ሰውየው ያለውን ሁሉ ለወዳጁ ደግሞ ነገረውና ጀልባዋን በሚንቀጠቀጠው እጁ ላይ አኖረለት። «ተናገር» አሉት ጓደኞቹ። ወዳጁ ቆሞ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ብየዳው፣ ስለ እርሳሱ ተናገረ። በሩ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«በሩ የእኔ አይደለም» አለ። «እኔ አቅቶኝ ነበር። የሠራው እሱ ነው። ማጠፊያውን እንዴት እንዳወጣው እኔም አላውቅም፤ እስቲ ጠይቁልኝ።»

ሰውየው ሐብሉን አላልቶ በሩን ቀስ አድርጎ አወረደላቸው። መጀመሪያውኑ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ያ በር ክብሩ ነበር። ሁሉንም የእኔ ነው ባለ ቀን ግን በሩን እንዴት እንደሠራው እንኳ የጠየቀው አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ትርሲት የደከመችበትን ጥናት ስብሰባ ላይ በስምህ አቀረብክ። ጥያቄ ሲመጣና አፍህ ሲተሳሰር እሷ በአንተ ፈንታ መልሳ «እሱ ሲሠራው አይቻለሁ» ብላ አወጣችህ። አንተ ደግሞ አልቋል ትለኛለህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ምሳዋን ከማን ጋር ትበላለች?

ብቻዋን፣ አልክ። ከዚያ በፊትስ? ከሁላችሁም ጋር።

አየህ፣ በብርድ ቀን ጋቢዋን አውልቃ አልብሳሃለች። አንተ ስለሞቀህ ብርዱ ያለፈ መሰለህ፤ ብርዱ ግን እሷ ላይ ነው። ለብቻዋ ጠርተህ ይቅርታ ብትላት ይቅር ትልሃለች፤ ጋቢው ግን አሁንም አንተ ላይ ነው። ስታለብስህ ሰው ሁሉ አይቷል፤ ስትመልስላትም ሰው ሁሉ ይየው። ሰኞ ስብሰባ አለን ብለኸኝ የለ? እዚያ ተናገር። ምናልባት በዚያ ጥናት ውስጥ የአንተ የሆነ በር ካለ እሷ ትናገርልህ ይሆናል። አንተ ግን እሱን ብለህ አትሂድ።