ዳኛ የታጣለት ጨዋታ

አንድ መካኒክና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መካኒኩ ሽብሩ ይባላል፤ የቀዮቹ ደጋፊ ነው። ልብስ ሰፊው ሲራክ ይባላል፤ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው። ጋራዡና ልብስ ስፌቱ አጥር ለአጥር ናቸው። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ አንድ ላይ በልተው፣ አንድ ላይ ተገርፈው፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ሚዜ ሆኖ እዚህ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ኳስ ሲነሳ ግን እሳትና ጭድ ይሆናሉ። ቅዳሜ ጠዋት አንዱ የሌላውን ቡድን ሳያማ ቁርሱ አይወርድለትም ነበር።

የሰፈሩ ሰው ኳስ የሚያየው እትዬ ወርቅያንጥፉ ቤት ነው። እትዬ ሰፊ አዳራሽ፣ ትልቅ ቴሌቪዥንና ትንሽ ትዕግሥት አላቸው። በስተቀኝ ያለው አግዳሚ የቀዮቹ ነው፤ በስተግራ ያለው የሰማያዊዎቹ። ከኋላ መሀል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም ምሰሶ አለ። እሱ ሥር የተቀመጠ ሰው የሜዳውን ግማሽ ብቻ ያያል፤ ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሌላው ጩኸት ነው። ስለዚህ ምሰሶው ሥር የሚቀመጠው አርፍዶ የመጣ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሊጉ ሊያልቅ ሲቃረብ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ በአንድ ነጥብ ልዩነት ተናነቁ። እርስ በርስ የሚገናኙበት ቅዳሜ ሲደርስ አዳራሹ መላወሻ አልነበረውም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የቀዮቹ አጥቂ ከተከላካዮች መሀል ዘሎ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታት። ቀዮቹ አግዳሚያቸውን ገልብጠው ተነሱ። ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲያሳይ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ኳሷን የመታው የአጥቂው እጅ ነው። በዚያ ሊግ ዳኛው የሚፈርደው ባየው ብቻ ነው፤ ተመልሶ የሚያይበት ስክሪን ገና አልገባም። ዳኛው ከኋላ ነበር፤ አላየም፤ ጎል ነው ብሎ ወደ መሀል ሜዳ አመለከተ።

«ይሄ ዳኛ ሌባ ነው» አለ ሲራክ፣ ላንቃው እስኪበጠስ። «ተገዝቷል። ዓይኔ እያየ ዋንጫችንን ሰረቀን።»

ሽብሩ ዞሮ አየውና ሳቀ። «ዳኛ ካላየ ጥፋት የለም። ጎል ጎል ነው፤ ሂድና ልብስህን ስፋ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ተሰዳድበው እዚያው ይታረቁ ነበር። ያን ቀን ግን ሲራክ «አንተም የሌባ ደጋፊ ነህ» አለ፤ ሽብሩም ያንን ቃል ይዞት ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «እንደምን አደርክ» መባባል ቀረ። ሽብሩ ይባስ ብሎ የዚያን አጥቂ ትልቅ ፎቶ ገዝቶ ጋራዡ በር ላይ ለጠፈ፤ ሲራክ በወጣና በገባ ቁጥር ያየዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሽብሩ ሚስት ትርንጎ አራስ ናት። የበኩር ልጃቸው ወንድ ነው። ሕፃኑ ገና ሳይወለድ ክርስትና የሚያነሳው ሲራክ እንደሆነ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ጓደኛሞች አበልጅ ሊሆኑ ነው። ሲራክም ነጭ ጨርቅ መርጦ፣ በገዛ እጁ ትንሽዬ የክርስትና ቀሚስ ሰፍቶ፣ ልብስ ስፌቱ ውስጥ ሰቅሏታል። አሁን ግን ሽብሩ «ያ ጎል ትክክል ነው ብሎ ካላመነ ልጄን አይታቀፍም» ብሎ ማለ። ለአጎቱ ልጅም በሲራክ ቦታ ተዘጋጅ ብሎ ላከበት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ትርንጎ፣ «ያ ዳኛ እኛን አያውቀን፣ እኛ አናውቀው። ሲራክ ግን ነገ ጠዋትም አጥሩ ሥር ነው። ልጄ ሲያድግ ማንን ክርስትና አባቴ ይበል?»

ሽብሩ ጫማውን አጥልቆ ወጥቶ ሄደ። ክርስትናው የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ደግሞ በዚያ ሰሞን ትዕግሥታቸው አለቀ። ደጋፊዎቹ በየጨዋታው ስለዚያች ጎል እንደ አዲስ ይጣላሉ፤ አንድ አግዳሚም ተሰብሯል። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉና መሀል ቆሙ።

«እግር የላችሁም እንዴ?» አሏቸው። «እሁድ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወርዳችሁ ተጋጠሙ። ያሸነፈ ሁለቱንም የፊት አግዳሚ ይወስዳል። የተሸነፈ ሊጉ እስኪያልቅ ምሰሶው ሥር ይቀመጣል፤ ስለዚያች ጎልም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አይልም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቦርጭ ያወጣው ሁሉ ታኬታውን ፍለጋ አልጋ ሥር ገባ። ችግሩ የመጣው ማን ይዳኝ ሲባል ነው። የስፖርት አስተማሪውን ለመኑት፤ «ልጆች አሉኝ፣ አባታቸው ሲሰደብ መስማት የለባቸውም» አለ። የሰፈሩን ፖሊስ ጠየቁት፤ «የደንብ ልብስ ለብሼ ሌባ ልባል?» ብሎ ሳቀባቸው። የዕድሩ ሰብሳቢ «እኔ የምችለው የሞተ ሰው ነው፤ እናንተን በቁማችሁ አልችልም» አሉ። በመጨረሻ እትዬን ራሳቸውን ለመኗቸው።

«ምን ቆርጦኝ» አሉ እትዬ። «በዚህ ቤት ያልተሰደበ ዳኛ አሳዩኝና እሺ እላለሁ። እንግዲህ ያለ ዳኛ ተጫወቱ። ያጠፋ ሰው ራሱ እጁን ያንሳ፤ በቃ።»

ሁሉም በደስታ ተስማማ። እያንዳንዱ በልቡ እጁን የሚያነሳው ያኛው ወገን ነው ብሎ አስቦ ነበር።

እሁድ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ጀርባ በሰው ተሞላ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ነው፤ የጎሉ ቋሚ ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። ሽብሩ የቀዮቹ አጥቂ ሆነ፤ ሲራክ የሰማያዊዎቹ በረኛ። ትርንጎም ሕፃኑን ጠቅልላ ከእትዬ ጎን ተቀመጠች። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ምድር ቀውጢ ሆነች። ሰው ይጠለፋል፣ ይጎተታል፣ በሸሚዙ ተይዞ ይሽከረከራል፤ እጅ የሚያነሳ ግን ጠፋ። «ጠለፍከኝ» ሲባል «ራስህ ወደቅህ» ነው መልሱ። ኳሷ ከምትሽከረከርበት ሰዓት ይልቅ የሚጨቃጨቁበት በለጠ። በዚህ መሀል ሰማያዊዎቹ አንድ ጎል አገቡ፤ እሷን እንኳ ማንም ሊክዳት አልቻለም፤ የቀዮቹ በረኛ ራሱ ከኳሷ ጋር ገብቷል።

ከዚያ ቀዮቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ። ሽብሩ ከሩቅ መታና ኳሷ በጭቃው ላይ ተንሸራታ ሄደች። ሲራክ ተወርውሮ በሆዱ ተኛባት። ቀዮቹ «ገብታለች» አሉ፤ ሰማያዊዎቹ «አልገባችም» አሉ። የሲራክ ጀርባ ስለጋረዳት ማንም አላየም። ሁለቱም ወገን እጅጌውን ሰብስቦ ሊያያዝ ሲል፣ ሲራክ ከጭቃው ተነሳ፤ ኳሷን አየ፤ ድንጋዮቹን አየ፤ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።

«ገብታለች» አለ።

ከራሱ ቡድን አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ «አብደሃል? ማን አየህ?» ብሎ ጮኸበት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ዳኛ ሰረቀን ብዬ ስጮህ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለ ሲራክ። «አሁን ምን ብዬ ልደብቃት?»

አንድ ለአንድ። ሽብሩ ደስ ሊለው ሲገባ አልሆነለትም። ሲራክን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ቢሆንም ጨዋታው ቀጠለ፤ እሱም ሮጠ። ተመልካቹ በእግሩ ቆሟል። እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «በለው» ማለት ጀምረዋል፤ ማንን እንደሆነ ግን አይታወቅም። የሚቀጥለው ጎል የመጨረሻው ነው ተባለ።

ቀዮቹ የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሷ ተሻግራ ስትመጣ ሁሉም አብሮ ዘለለ። ሲራክ በቡጢ ሊያወጣት ወጣ፤ ጭቃ ዓይኑ ውስጥ ተረጨና ወደቀ። ሽብሩ በጭንቅላቱ ሊያገኛት ዘሎ ነበር፤ አለፈችው፤ ክንዱን ግን አላለፈችውም። ኳሷ ክንዱን መታ አደረገችና በሁለቱ ድንጋዮች መሀል ገባች።

ጎል። ቀዮቹ ሜዳውን ወረሩት። ሽብሩን ከመሬት አንስተው በትከሻቸው ተሸከሙት። ማንም አላየም፤ የሰው ክምር ነበር። ሰማያዊዎቹ እንኳ አልተከራከሩም፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሽብሩ እዚያ ላይ ሆኖ ክንዱ ያቃጥለው ጀመር። «ዳኛ ካላየ ጥፋት የለም» የሚለውን የራሱን ቃል አስታወሰ። እንዳይከብደው ሊያሳብብበት ዳኛውን በዓይኑ ፈለገ። ዳኛ የለም። ከትከሻ ላይ ሆኖ ሲመለከት ሲራክ ብቻውን ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ኳሷን ሊያመጣ ይሄዳል። በዚያ ማዶ ትርንጎ ልጁን ታቅፋ ቆማለች።

ሽብሩ እጁን አነሳ።

የተሸከሙት ሰዎች የደስታ መስሏቸው እነሱም እጃቸውን አነሱ፤ ጭፈራው ባሰ። ሽብሩ «አውርዱኝ» አለ፤ አልሰሙትም። ጸጉራቸውን እየጎተተ ወረደና በአፉ ተናገረ።

«በእጄ ነው ያገባኋት። በክንዴ ናት።»

ጭፈራው ባለበት ደረቀ። «ማን ጠየቀህ?» አለው አንዱ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ ሽብሩ። «የከበደኝም እሱ ነው።»

ሲራክ ኳሷን ይዞ መጣ። አንደኛው ዓይኑ ገና ጭቃ ነው። «ሽብሩ፣ እኔ እንኳ አላየሁህም» አለው።

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬ በዳኛ ሳሳብብ ኖርኩ፤ ዛሬ የማሳብብበት አጣሁ።»

ሲራክ ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔም ያን ዳኛ ሌባ ስለው ከረምኩ» አለ። «ሰውየው ግን እንደኔ ተጋርዶበት ነው፤ አላየም። በእጁ እንዳገባ የሚያውቀው አጥቂው ነው። የእሱን ስም ግን አንድ ቀን በክፉ አላነሳሁም።»

«እኔማ ፎቶውን በሬ ላይ ለጠፍኩት» አለ ሽብሩ፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽብሩ የጓደኛውን አንገት አቅፎ ጭቃ በጭቃ ሆነው ቆሙ፤ ሳቁ የት ጋ ለቅሶ እንደሆነ እነሱም አያውቁም።

እትዬ ወርቅያንጥፉ «በቃ፣ እኩል ለእኩል ነው» ብለው ጨዋታውን ዘጉ። «ግን ምሰሶው ሥር የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገኛል» ሲሉ ሽብሩና ሲራክ ቀድመው እጃቸውን አነሱ። ሊጉ እስኪያልቅ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሜዳውን ግማሽ አዩ። በሳምንቱም ሲራክ ያችን ነጭ ቀሚስ ይዞ መጣ፤ ሕፃኑን አለበሰው፤ ታቅፎም ክርስትና አነሳው። ጋራዡ በር ላይ የነበረው ፎቶ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ዋንጫውን ማን ወሰደ ትሉኝ ይሆናል። አልነግራችሁም፤ ግማሻችሁ ትቀየሙኛላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ በኳስም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በሽምግልናም። እኛ ግን ሳያይ የተሳሳተውን ሌባ ብለን እየሰደብን፣ እያወቀ ዝም ያለውን በትከሻችን ተሸክመን እንጨፍራለን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ያ እያወቀ ዝም ያለው ሰው እኛው ራሳችን ስንሆን ነው፤ ያኔ «ማንም አላየም» ማለት በጣም ይቀለናል። ወዳጄ፣ አንተም ማንም ሳያይህ ያገባሃት ጎል ትኖር ይሆናል። ሰው በትከሻው ተሸክሞህ እየጨፈረ ሳለ ክንድህን የሚያቃጥልህ ነገር ካለ፣ ጨዋታው ገና አላለቀም። እጅህን ታነሳለህ?