የሙሄ ሞተርና የአማቱ ነጠላ

እኛ ሐርቡዎች ሰው በፍቅር ብዛት ነገር ሲያበላሽ የምንላት አንዲት አባባል አለችን። እንግዳ ሲሰማት የጥንት አባቶች የተናገሯት ይመስለዋል። ምን የጥንት! የተባለችበት ሰው በሕይወት አለ፤ ትናንትም ጎማ አስለጥፎ ሄዷል። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ሱቄ ከእንድሪስ ጋራዥ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ መነሻዋን ሌላ ሰው ለየት አድርጎ ከነገራችሁ አትመኑት።

ባለታሪኩ ሙሄ ይማም ነው። በሞተር ሳይክል ለሱቆች ዕቃ የሚያመላልስ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሰው ካስነጠሰው የራሱን ጃኬት አውልቆ የሚያለብስ ልጅ። ጦይባን ያገባ ሰሞን አማቱ እማማ መሬማ ልጃቸውን ሊጠይቁ ፈለጉና ከተራራው ማዶ ካለው መንደራቸው ከኋላው ጭኖ አመጣቸው። ያኔ የሞተሩ የጎን ክዳን ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ንፋሱ እየረጨ አዲሱን ነጭ ነጠላቸውን አጨማለቀው።

እሳቸውማ ምን አሉ? «ይታጠባል ልጄ» ብለው ሳቁ። ሲመለሱ ግን በሰው በቅሎ ሄዱ፤ ሲሰናበቱትም «ያ ሞተርህ ማልቀሱን ሲተው ጥራኝ» አሉት። ቀልድ ነበር። ግን አማት ናቸው! በእኛ አገር ደግሞ አማች በአማቱ ፊት ቀና ብሎ እንኳ አይጎርስም። ሙሄ ቀልዱን እንደ ፍርድ ወሰደው።

ጦይባ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ሲቃረብ ሌላ ምንም አላስቸገረችውም። «ምጥ ሳይዘኝ እናቴን አምጣልኝ። እሷ እጄን ካልያዘችኝ አልችለውም» አለችው። ሙሄም ሞተር ሳይክሉን እየገፋ እንድሪስ ጋ መጣ።

እንድሪስ ክዳኑን ፈታና ጋስኬቱን ላጠው። በሁለቱ ብረት መሀል ገብታ ዘይት የምትይዘው ወረቀት ነች። አርጅታለች፣ ግን አልተቀደደችም።

«አዲሱ ከደሴ እስኪመጣ ይቺው ታገለግላለች» አለ። «ብረቱን ታጸዳለህ፤ ከዚህ ቱቦ ሲሊኮን ማጣበቂያ በጣትህ ቀባ ታደርጋለህ፤ ብሎኖቹን ወዲህና ወዲያ እያልክ ቀስ በቀስ ታጠብቃለህ። አለቀ።»

«ትንሽ ቀብቼ ቢያንጠባጥብስ?»

«ቀባ አልኩህ እንጂ ለስነው አላልኩህም! ወደ ውጭ የተረፈውን በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ወደ ውስጥ የተረፈውን ማን ይጠርግልሃል? ይቺን ቀዳዳ አየሃት? ዘይቱ የሚያልፈው በእሷ ነው። የሞተሩ ጉሮሮ ናት።»

ይህን ብሎ ለሶላት ብድግ አለ። እኔ ከበሬ ላይ ሆኜ ሙሄን አየዋለሁ። መጀመሪያ በጣቱ ቀባ አደረገ። ትንሽ አሰበ። ደገመ። ከዚያ አላስቻለውም፤ ቱቦውን ጠቅልሎ እስኪያልቅ ድረስ ጨመቀው። ጭቃ ቤት ነው እንዴ የሚለስነው?

«ኧረ በቃህ ሙሄ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ አማት የለህም፣ ዝም በል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ የለኝም። ወደ ጎማዬ ተመለስኩ።

ማታ ከሞተሩ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፎ አደረና ጠዋት ጨርቁን ለሰፈሩ ሁሉ እያዞረ አሳየ። አንዲት ነጥብ የለችበትም። ያን ዕለት እንደ ሙሄ ደስ ያለው ሰው ሐርቡ ውስጥ አልነበረም። እየዘፈነ ወደ አማቱ መንደር ሄደ።

እማማ መሬማ የገንፎ ዱቄታቸውንና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው፣ ነጩን ነጠላ ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ዳገቱ መሀል ላይ ሲደርሱ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ሞተሩ ክርር አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙሄ ዘሎ ወርዶ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሥሩን!

«እማማ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም እኮ!»

«አየሁ ልጄ» አሉት። «መሄጃም የለም።»

ለእንድሪስ ደወለ። እንድሪስ ሲናደድ ድምፁ ያለ ስልክም ይሰማል፤ እማማም እያንዳንዷን ቃል ሰሙ። «ስንት ቀባህ?» «ሁሉንም።» «አንተ! ጉሮሮውን እኮ ነው የዘጋኸው! በል ሞተሩን ተውና ሴትዮዋን አድርስ፤ ጦይባ ምጥ ይዟታል!»

የቀረውን ዳገት ወጥተው በእግራቸው ወረዱ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ከፊት፣ እሱ ቅሉን አቅፎ ከኋላ። ጦይባን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደረስናት እኔና ጎረቤቶቿ ነበርንና በሩ ላይ ቆሜ ሲመጡ አየኋቸው። ልክ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ እልልታው ቀለጠ።

እማማ መሬማ ባሉበት ቆሙ። «ልጄ ብቻዋን» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሙሄ ከእግራቸው ሥር ተደፋ።

«ይማሩኝ እማማ! ነጠላዎን አላበላሽ ብዬ ነው!»

እያለቀሱ ወደ ታች አዩት። «ተነሳ አንተ፣ ቅቤዬን እንዳትደፋው» አሉት።

ስንገባ ጦይባ የእናቷን እጅ ለቀም አድርጋ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። «ብቻሽን መሆንሽን ሳስብ…» ሲሏት «አሁን ያዝሽኝ፣ ይበቃኛል» አለች። የወለደቻት ሴት ልጅ ነበረች፤ አንድ ፍሬ፣ ቀይ፣ ፊቷ ሁሉ አፍ የሆነች።

ሙሄ ግን አላረፈም። መስኮቱን ዘጋ። በሩን ዘጋ። «ምች ይመታታል!» እያለ ልጅቱን በፎጣው ላይ በጃኬቱ ጠቀለላት፤ ያም አልበቃው ብሎ የአማቱን ነጠላ ከትከሻቸው ስቦ ደረበበት። ልጅ መሆኗ ቀርቶ ጥቅል ጨርቅ ሆነች። ከውስጥ እህህ የሚል የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

እማማ መሬማ ሳይቆጡ ተቀበሉትና አንድ በአንድ ገለጥ ገለጥ አደረጉላት። ፊቷ ብቅ ሲል ልጅቱ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናጋችው፤ ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም የሙሄን ጭንቅላት እየደባበሱ እንዲህ አሉት፦ «ተው ልጄ፣ ጠብታ ላቁም ያለ ጉሮሮ ዘጋ።»